የቤዝመንቱ ተኪላ ዓሣ፦ ከመስከረም እስከ ነሐሴ የያዝኩት ማስታወሻ

መስከረም፣ 1ኛ ሳምንት

ባለ 20 ጋሎን ታንክ በ25 ዶላር ገዛሁ። ያገለገለ ነው። ረጅምና ዝቅ ያለው ዓይነት፣ 30 ኢንች በ12 በ12። ሻጩ አያፈስም ብሎ ምሎልኛል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖርበት ቤት ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ አስገብቼ ውኃ ሞልቼ ተኛሁ። ጠዋት ስወርድ ካልሲዬ ራሰ። የቀኝ ጥጉ ሲሊከን (የመስታወቱ ማጣበቂያ) ለቋል። በምላጭ ፍቄ አዲስ ቀባሁበት። ሲሊከኑ 9 ዶላር ነው። ሻጋታ ማጥፊያ የተጨመረበትን እንዳትገዙ፣ ዓሣ ይገድላል። ሁለት ቀን ሙሉ አደረቅኩት።

ሌላው ወጪ፦ ኤር ፓምፕ (አየር መንፊያ) 28፣ ሁለት ስፖንጅ ፊልተር (የውኃ ማጣሪያ) 13፣ የውኃ መመርመሪያ ኪት 36፣ የክሎሪን ማጥፊያ 8፣ ሂተር (የውኃ ማሞቂያ) 22። ሂተሩን ባልገዛው ይሻል ነበር። ጉዱ ኅዳር ላይ አለ።

የምፈልገው አንድ ዓሣ ነው፤ ዙጎኔቲከስ ተኪላ። ሜክሲኮ ውስጥ፣ ሃሊስኮ ግዛት፣ ተኪላ ከሚባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ ቴኡቺትላን የምትባል ከተማ አለች። ይሄ ዓሣ በዱር የታወቀው እዚያ ወንዝና ምንጮቹ ውስጥ ብቻ ነው። የጣት ያህል ነው። ሳይንስ ስም ያወጣለት በፈረንጆቹ 1998 ነው። በ2003 ከዱር ጠፍቷል ተባለ። ክርስትናውና ተዝካሩ ተከታትለው መጡ ማለት ነው።

የተረፈው በሰው ታንክ ውስጥ ነበር። በ1998 ኢቫን ዲብል የተባለ እንግሊዛዊ ዓሣ አርቢ አምስት ጥንድ ሰጠ። ዓሦቹ በእንግሊዙ ቼስተር ዙ (የእንስሳት ማቆያ) ድጋፍ ሞሬሊያ ከተማ፣ ሚቾአካን ዩኒቨርሲቲ የውኃ ላብራቶሪ ገቡ። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሥራውን የጀመረው አንድ ዓሣ አርቢ ከሰጠው ዓሣ ነው።

መስከረም፣ 3ኛ ሳምንት

ባዶ ታንክ እያየሁ ነው። ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። አሞኒያና ናይትራይት መርዝ ናቸው። ባክቴሪያው ስፖንጁ ላይ እስኪሰፍር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ዓሣ ሳይገባ አሞኒያ ጠብ እያደረጉ መጠበቅ ነው። ትዕግሥት የለኝም። ይሄን ጽፌ ላስቀምጠው።

ጥቅምት፣ 1ኛ ሳምንት

በአካባቢያችን የዓሣ አርቢዎች ክበብ ጨረታ ነበረ። ሰው ቤቱ ያራባውን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ ያመጣል። የእኔ ዓሣ ሲቀርብ ከእኔ ሌላ እጁን ያወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስድስት ዓሣ በ24 ዶላር። ሁለት ወንዴ፣ አራት ሴቴ። ወንዴው ጅራቱ ጫፍ ላይ ብርቱካናማ የጨረቃ ቅርጽ አለው። ሴቴዋ ግራጫ ነች፣ ሆዷ ይከብዳል።

ታንኩ አልደረሰም ነበር። አሞኒያው 0.5 እያሳየ አስገባኋቸው። በየቀኑ ሲሶ ውኃ መቀየር ሆነ ሥራዬ። በአራተኛው ቀን ከረጢቱን ለሸጡልኝ ሽማግሌ ደወልኩ። ተቆጡ። ማታውኑ ከታንካቸው አንድ አሮጌ ስፖንጅ በዚፕ ከረጢት ይዘው መጡ። ጥቁር ጭቃ የሚያንጠባጥብ፣ የሚሸት ነገር። ከእኔ ፊልተር ጎን አስቀመጡት። በሳምንቱ አሞኒያ ዜሮ።

እርሾ ነው በቃ። ያለ እርሾ እንጀራ ልጋግር ብዬ ነበር።

ኅዳር፣ 2ኛ ሳምንት

እማዬ ከባሕር ዳር መጣች፣ ስድስት ወር ትቆያለች። ታንኩን ዞር ዞር ብላ አየችና "ይበላል?" አለች። አይበላም አልኳት። "ታዲያ?"

ከዱር መጥፋቱን ነገርኳት። ቴኡቺትላን ያሉ አዛውንቶች ዓሣውን በጅራቱ ቀለም ምክንያት ጋዪቶ ይሉት እንደነበር፣ ትርጉሙም ትንሽ አውራ ዶሮ ማለት እንደሆነ ጨመርኩላት። ይሄ ገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶሮዎቹ ትላቸዋለች።

ኅዳር፣ 4ኛ ሳምንት

ሂተሩ ተጣበቀ፣ አልጠፋ አለ። ከሥራ ስመለስ ቴርሞሜትሩ 29 ዲግሪ ያሳያል፣ ሁሉም ውኃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። ሙቅ ውኃ ብዙ ኦክሲጅን አይዝም። ሂተሩን ነቅዬ የኤር ፓምፑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። አንድ ሴቴ ጠዋት ሞታ ተገኘች።

ሽማግሌው "ለዚህ ዓሣ ሂተር ማን አዘዘህ?" አሉኝ። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች የደጋ ምንጭ ልጆች ናቸው። በብርድ ወራት ቀዝቀዝ ማለት ይመቻቸዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲሞቁ ሴቴዎቹ ሳያርፉ እየወለዱ ቶሎ ያረጃሉ። ቤዝመንቱ ከ19 እስከ 21 ነው፣ በቂ ነው። 22 ዶላሬ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ታኅሣሥ፣ 2ኛ ሳምንት

ወለደች! ይሄ ዓሣ እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል። ያውም ጽንሱ በእናቱ ሆድ ውስጥ ምግብ የሚመጥበት ጭራ መሳይ ጅማት አለው፣ እንደ እትብት። ሲወለዱ ከሆዳቸው ሥር ነጭ ክር የሚመስል ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ። በሁለተኛው ቀን የለም።

በሁለተኛው ቀን አብዛኞቹ ጫጩቶችም የሉም። ማታ 12 ቆጥሬ ነበር። ጠዋት ሦስት። ወላጆቻቸው በልተዋቸዋል። መደበቂያ አላዘጋጀሁም። እርግዝናው ሁለት ወር ገደማ ነው፤ ሁለት ወር ጠብቄ ለቁርስ አቀረብኳቸው።

ሁለተኛ ታንክ፣ 30 ዶላር። ትርፉን ስፖንጅ እዚያ አደረግኩ።

ታኅሣሥ፣ 3ኛ ሳምንት

መደበቂያው ቀላል ነገር ነው። ክር በጥቅል አስረህ እንደ ዘርፍ ታንሳፍፋለህ፣ ጫጩቶቹ መሃሉ ይገባሉ። ቤት የነበረውን የጥጥ ክር ተጠቀምኩ። በአሥረኛው ቀን ዝልግልግ አለ፣ ውኃው ሸተተ።

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ የፈተለች ሴት ነች። "ጥጥ ውኃ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ይሄም ይጠፋሃል?" አለች። የማይበሰብሰው የትኛው ነው ብላ ራሷ ክር መሸጫ ሄደች። አክሪሊክ በ4 ዶላር ይዛ መጣች፣ አረንጓዴ። ስድስት የክር ዘርፍ ሠራች። እኔ የሠራሁት ይፈታ ነበር፣ የሷ ቋጠሮ ንቅንቅ አይልም።

ጥር፣ 2ኛ ሳምንት

ከጥምቀት በፊት ሁለት ሴቴዎች በአንድ ሳምንት ወለዱ። 14 እና 9። እያየሁ በስኒ እየጨለፍኩ ወደ ሁለተኛው ታንክ አዛወርኳቸው። ሁለቱ ሞቱ፣ 21 ደኅና ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጋር 24።

ምግብ፦ አርቴሚያ የሚባሉት ጥቃቅን የጨው ውኃ እንስሳት እንቁላል 18 ዶላር። የለስላሳ ጠርሙስ ገልብጬ ቂጡን ቆርጬ፣ ጨውና ውኃ፣ የአየር ቱቦ፣ ከጎኑ አምፖል። በ24 ሰዓት ይፈለፈላል። ብርቱካናማ ነጥብ የሚመስሉ ሕያዋን ናቸው። ጨዋማውን ውኃ አጥልዬ ብቻ ነው የምሰጠው።

ትልልቆቹ ቅጠልም ይፈልጋሉ። የተቀቀለ ስፒናች፣ የተላጠ አተር። በሳምንት አንድ ቀን ምንም አልሰጥም፣ ለአንጀታቸው ጥሩ ነው። እማዬ "ረቡዕና ዓርብ አድርግላቸው" አለችኝ። አደረግኩ። ሁለት ቀን መጾማቸው የጎዳቸው ነገር የለም።

የካቲት፣ 3ኛ ሳምንት

የዓመቱ ትልቁ ስሕተት።

ቅዳሜ የትልልቆቹን ታንክ ግማሽ ውኃ ቀየርኩ። ባልዲውን ሞልቼ የክሎሪን ማጥፊያውን ልጨምር ስል ስልክ ጮኸ፣ ከአገር ቤት ነው። እያወራሁ ባልዲውን አንስቼ ገለበጥኩት። ሁለተኛውንም። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ወንዴዎቹ ክብ እየሠሩ ይጋጩ ጀመር። ስልኩን ጥዬ ማጥፊያውን ደፋሁ። ሁለቱም ወንዴዎች ሞቱ። አንዲት ሴቴም። ክሎሪን የሚያቃጥለው የሚተነፍሱበትን ስንጥባቸውን ነው፣ ጊዜ አይሰጥም።

በዚህ አካባቢ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ውኃው የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት) ነው። ከብርዱ ወራት ማብቂያ ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ቧንቧው እንዲጸዳ ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ሽታው ለእኔም ይታወቀኝ ነበር። ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሁለቱም ያለ ማጥፊያ ይገድላሉ።

ሁለት ሴቴዎች ቀሩ። ጉፒ ቢሆኑ ግድ አልነበረኝም። ጉፒ አንዴ ከተጠቃች የወንዴውን ዘር ይዛ ለወራት ትወልዳለች። የዚህ ዓሣ ሴቴ ይሄን አትችልም። ለእያንዳንዱ ወሊድ አዲስ ወንዴ ያስፈልጋታል። ስለዚህ በሆዳቸው ካለው በኋላ፣ ጫጩቶቹ እስኪጎረምሱ፣ ማሽኑ ቆሟል።

ከቧንቧው በላይ በማርከር "መጀመሪያ ጠብታው!" ብዬ ለጠፍኩ። የማጥፊያው ጠርሙስ ስላለቀ ሌላ 8 ዶላር።

መጋቢት፣ 1ኛ ሳምንት

አንዷ ወለደች፣ 11። አሥሩ አሉ። ሌላዋ ምንም።

አሁን ያሉኝ ሁለት አሮጊቶችና 34 ልጆች ናቸው። ሁሉም የሦስት እናትና የሁለት አባት ዘር ናቸው። እርስ በርስ ቢወልዱ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ቆይቶ ግን ወሊዱ ያንሳል፣ የተጣመመ አከርካሪ ይመጣል። ሽማግሌው ሁለት ወንዴ ሊሰጡኝ ፈቀዱ። ከመስጠታቸው በፊት ግን ጥያቄ በጥያቄ። የጨረታው ከረጢት ላይ የነበረውን ወረቀት ጠብቀሃል? ልጆቹን ከሌላ ዘመድ ዓሣ ጋር አስቀምጠሃል? ስንት ሞተ፣ መቼ?

ወረቀቱ ማቀዝቀዣው በር ላይ ነበር፣ በማግኔት። የቀረውን ከዚህ ማስታወሻ ነው ያነበብኩላቸው።

ይሄ ዝም ብሎ የሽማግሌ ጭንቀት አይደለም። ከዙጎኔቲከስ ወገን ሌላም ዝርያ አለ፣ በጣም ይመሳሰላል። አንድ ጊዜ ከተደባለቀ ውሕዱን ማንም አይፈታውም። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ዓሣ ቢያምርም ለዘር አይሆንም፣ ጌጥ ነው።

መጋቢት፣ 4ኛ ሳምንት

ሌላ ስሕተት፣ ይሄኛው ደም የለውም። ልጆቹ ቀለም ማውጣት ጀመሩ። ደማቅ ብርቱካናማ ጅራት ያላቸውን አራት ወንዴዎች መርጬ ለየሁ፣ "እነዚህ ናቸው አባቶቹ" ብዬ። ኮርቼ ፎቶ ላክሁ።

ሽማግሌው መልሰው የጻፉት አንድ መስመር ነው፤ ዓይንህን ጨፍነህ በመረብ ውሰድ።

ነገሩ ቆይቶ ገባኝ። እኔ የምመርጠው ለእኔ ዓይን ነው። ደማቅ ወንዴ ወንዝ ውስጥ ለወፍም ደማቅ ነው። እጄን ሲያይ የማይሸሸውን፣ ምግብ ላይ ፈጥኖ የሚወጣውን ሳላስበው እመርጣለሁ። ከአሥር ትውልድ በኋላ ታንክ የሚወድ ዓሣ ይዤ እቀመጣለሁ። ለቤት ውሻ መልካም ነው፣ ለዱር ዓሣ ግን አይሆንም።

አሁን ወንዴ የማወጣው በዕጣ ነው። ቁጥር እጽፋለሁ፣ እማዬ ታወጣለች።

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ ማግሥት

ዶሮው ተበላ (እውነተኛው)። እማዬ ቡናዋን ይዛ ታንኩ ፊት ተቀምጣ ስለ ጣና አወራች። ልጅ ሆና ዓሣው ክረምት ላይ ወደ ጉማራና ርብ ወንዝ ሲወጣ ሰዉ አፉ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቀው እንደነበር። "ያኔ አያልቅም ነበር" አለች።

የጣና ባርባስ የሚባሉት ዓሦች ሌላ ቦታ የሌሉ ብዙ ዝርያዎች ናቸው። ብዙዎቹ ለመራባት ሐይቁን ትተው ጠጠር ያለበት ወንዝ መውጣት አለባቸው። የሚመናመኑትም እዚያው የወንዙ አፍ ላይ፣ እንቁላል ይዘው ሳሉ በመረብ ነው። እማዬ "እነሱንስ እንዲህ አታረባቸውም?" ስትለኝ ሳቅኩ። አንዳንዱ ክንድ ያህላል፣ ወንዝ ካልሰጠኸው አይራባም። ሁሉም ነገር ታንክ ውስጥ አይገባም። ቀይ ቀበሮንም ተመልከቱ። በዓለም ላይ በአንድም የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የለም፣ መጠባበቂያው ተራራው ራሱ ነው።

ገበሬ ዘሩን ሁሉ አንድ ጎተራ አያደርግም፣ ጥቂቱን ቅል ውስጥ ከምድጃው በላይ ይሰቅላል። እኔ ቅሉን ነው የያዝኩት። እርሻው ግን ሌላ ቦታ ነው።

በዚሁ ሳምንት አንዷ አሮጊት ሞተች፣ በዕድሜ ይመስለኛል። እማዬም ሐሙስ ተሳፈረች።

ሰኔ፣ 1ኛ ሳምንት

ከግንቦት ጀምሮ 24 ጫጩት ተጨመረ። ጠቅላላ 61። ታንኮቹ ጠበቡ፣ ናይትሬቱ 40 ደረሰ። ማራባት ከጀመርክ ትርፉን የት እንደምታደርሰው ቀድመህ ማወቅ አለብህ። ይሄን ማንም በደንብ አይነግርህም። የዓሣ ሱቅ ሄድኩ፣ ሻጩ አየና "ቀለም የለውም፣ አይሸጥም" አለ። አዎ፣ ሴቴዋ ግራጫ ናት።

የጎረቤቴ ልጅ "ለምን ስላይጎ ክሪክ (የሰፈራችን ጅረት) አትለቃቸውም? ነጻ ይሁኑ" አለኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ደግ ልጅ ነው። አስቀምጬ አስረዳሁት። የተኪላን ዓሣ ወንዙ ውስጥ ከጎዱት ነገሮች አንዱ ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣ ነው። ብክለቱና በምንጩ ላይ የሰው ሥራ ተጨመረበት። እኔም እዚህ ያንኑ ልሠራ ነው? ሕጉም አይፈቅድም። አኩርፎ ሄደ።

በመጨረሻ ለሦስት ሰዎች ስምንት ስምንት ሰጠሁ፣ በነጻ፣ የከረጢቱን ወረቀት ቅጂ ጨምሬ። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ የእኔ ታንክ ቢሞት መልሰው እንዲሰጡኝ። በየካቲት እንዲህ ዓይነት ሰው ቢኖረኝ አልደነግጥም ነበር። 37 ቀረ።

ሰኔ፣ 4ኛ ሳምንት

15ቱን ደጅ አወጣሁ። ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ 15 ዶላር፣ ግማሽ ጥላ፣ የእማዬ የክር ዘርፍ፣ የኩሬ አልጌ። አልመግብም ማለት ይቻላል፣ የትንኝ እጭ ይበላሉ።

ሐሳቡን የሰረቅኩት ከሜክሲኮዎቹ ነው። በፈረንጆቹ 2012 ከላብራቶሪው 40 ወንዴና 40 ሴቴ ወስደው ደጅ ያለ ትልቅ ኩሬ ውስጥ አስገቡ። ወፍ አለ፣ ጥገኛ ተውሳክ አለ፣ ምግቡ አንዳንዴ አለ አንዳንዴ የለም። ታንክ ውስጥ የኖረ ዓሣ ኑሮ የሚማረው እዚያ ነው። በአራት ዓመት ወደ 10,000 ደረሱ። ከነዚያ 1,500 ያህሉ ወንዙ ገቡ፣ ያውም በአንድ ጊዜ ዝም ብሎ መገልበጥ አይደለም፤ መጀመሪያ በተንሳፋፊ የመረብ ጎጆ ውስጥ ወንዙን ለመዱ። ከመልቀቃቸው በፊትም ውኃውን መርምረዋል፣ የከተማውን ሰው አስተምረዋል፣ ጠባቂ እንዲሆን አድርገዋል። ዓሣው አሁን ወንዙ ውስጥ ይወልዳል።

የእኔዎቹ እዚያ አይሄዱም። የዘር ሐረጋቸው በላብራቶሪ አልተመረመረም፣ ምን በሽታ እንዳለባቸው አላውቅም፣ ሜክሲኮዎቹም የራሳቸው አላቸው። አንዳንድ ሰው "ዝርያ እያዳንክ ነው" ሲለኝ አፍራለሁ።

ሐምሌ፣ 2ኛ ሳምንት

ራኩን፣ ሌሊት ምግብ ፍለጋ የሚዞር የአሜሪካ የዱር እንስሳ። መጥቶ ገንዳው ውስጥ እጁን ታጥቧል። የክር ዘርፉ ሣሩ ላይ ተጥሏል፣ ጭቃ አሻራ ገንዳው ጠርዝ ላይ። አራት ዓሣ የለም። ኑሮ ይማሩ ብዬ አልነበር? ተማሩ። የሽቦ መረብ 6 ዶላር፣ በድንጋይ አስሬ።

ነሐሴ፣ 1ኛ ሳምንት

ገንዳውን አጥልዬ ቆጠርኩ። 11 ትልልቅ፣ 18 ጫጩት። ደጅ ያደጉት ቀጭንና ፈጣን ናቸው። መረቤን ሲያዩ እንደ ጥይት ይሮጣሉ፤ የቤዝመንቶቹ ግን ምግብ መስሏቸው ወደ እጄ ይመጣሉ። በጥቂት ሳምንት! ልዩነቱን ባላየው አላምንም ነበር።

ውስጥ ካሉት 22 ጋር 51 ሆኑ። እስካሁን ያወጣሁት ደረቅ ምግብ ሳይጨምር 246 ዶላር። ከዚህ ውስጥ 22ቱ መሳቢያ ውስጥ ያለው ሂተር ነው።

እሑድ እማዬ ደወለች። "ዶሮዎቹ ስንት ደረሱ?" ነገርኳት። ስለ ራኩኑ ስነግራት "እንደ ሸለመጥማጥ ነው በለኛ" አለች። የክር ዘርፎቹ እንዴት ናቸው አለች። አንድም አልተፈታም።

መስከረም ሲጠባ ገንዳው ይገባል፣ ውጭ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ አልተዋቸውም። ከዚያ በፊት ሁለት ወንዴ ከሽማግሌው ጋር ልንለዋወጥ ተነጋግረናል፣ ዕጣውን የጎረቤቴ ልጅ ያወጣል፣ ታርቀናል። ግራ ታንክ ውስጥ ያለችው ትልቋ ሴቴ ሆዷ ማዕዘን አውጥቷል፣ ጥግ ይዛ ቆማለች። ዛሬ ማታ ወይም ነገ ነው። ስልኬን ላይኛው ፎቅ ትቼ ነው የምወርደው።